ሰው የማይሞትባቸው መጻሕፍት

መጋቢት 4፣ ረፋድ
ከህረባ ዛሬም ጠፍቷል፤ መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል። ጨርቅ ሸጥኩ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ቀደድኩ። የሱቁ ባለቤት ሐጂ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ።

አሳታሚው ከአ.አ. ወደዚህ ወደ ሱዳን ደወለ። ሦስተኛውን ልብወለዴን አንብቦታል። በሰባ ሰባት ድርቅ ከበለሳ ሱዳን ድረስ በእግሩ የመጣ መንደር እንዴት አንድ ሰው ሳይጎድልበት ይገባል? ያን መንገድ የሄዱ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ይታዘቡናል አለኝ። በፊተኞቹ ሁለት መጽሐፎቼም ማንም እንዳልሞተ ልብ ብሎ ኖሯል። መንገዱ ያለበትን ምዕ. 11ን እስከ ፋሲካ ካላስተካከልኩ አያትመውም። እውነቱን ነው። ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

መጋቢት 5፣ ከሰዓት
አንቺ ደብተር፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። ያበላሸኝ ንባብ ነው። የስደተኞች ካምፕ ሳለን የነበረን የአማርኛ መጽሐፍ አንድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብወለድ። ማንበብ የምችል እኔ ብቻ። ሲመሽ ለሴቶቹ አነብላቸዋለሁ። ሁሉም መንገድ ላይ ልጅ ወይ ባል ያስቀሩ ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ ሰው ሲታመም እማዬ ከሁሉም ቀድማ «እለፊው» ትላለች። አልፋለሁ። ታሪኩ ግን መቀጠል አለበት፣ ክፍተቱን ከራሴ እሞላለሁ። ድኖ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ እላለሁ። አንዳንዱንም እድረዋለሁ። ይመርቁኛል።

ድርሰት የተማርኩት እዚያ ነው፣ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ሞላኝ፣ ዛሬም የምጽፈው ለእነዚያ ሴቶች ነው። ደራሲ ነኝ እላለሁ ደግሞ። አፍራለሁ።

መጋቢት 9
ምዕ. 11። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ የሚሞትበት። እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ሦስት። ሱዳን ያለው ባሱንዳ ሳንደርስ እንደቀረ አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ አላውቅም። እማዬ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። በመጽሐፌ ግን አድጓል፣ ዶካ ከተማ ሎሪ ይነዳል፣ ጺም አለው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ግደይው ተባልኩ።

አንድ መስመር አልወጣኝም። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ትኩሳቱ ለቀቀው ብዬ ጻፍኩ።

መጋቢት 13
ጻፍኩት። አዱኛ ሞተ። ግራር ሥር ቀበርኩት። ቄስ አመጣሁለት፣ ድንጋይ ከመርኩበት፣ እማዬን አስለቀስኳት። እኔም አለቀስኩ። ጥሩ ምዕራፍ ነው፣ በሕይወቴ እንዲህ ጽፌ አላውቅም።

እማዬ ሳትሰማው ግን አ.አ. አይሄድም። ልጇ ነው። እለፊው ካለችኝ መጽሐፉንም እተወዋለሁ፣ መጻፉንም።

መጋቢት 15፣ ማታ
አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ታስቆመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አላስቆመችኝም። ጨረስኩ። ትንሽ ለቀመች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ገብታ ተኛች።

እራት እምቢ አለች። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ለአንድ መጽሐፍ ብዬ።

መጋቢት 17
ዛሬ ጠዋት ወደ ሱቅ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ።

ቄስ አልነበረም አለች። ቀብርም አልነበረም። ሰዉ እየሄደ ነው፣ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። አዱኛ መራመድ አቅቶት ተቀምጧል፣ ገና ይተነፍሳል። እኔ ጀርባዋ ላይ ነኝ። «ሁለት ማዘል አቃተኝ» አለች። «አንቺ ቀለል ትይ ነበር።»

ይህን ብላ ልብሱን ልታሰጣ ወጣች።

ሱቅ አልሄድኩም። ሐጂ ደወለ፣ አሞኛል አልኩት፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ አለኝ። ለእማዬ ምን ይባላል? ይቅርታ ይባላል? አመሰግናለሁ ይባላል? እሷም ጻፊው አላለችኝ፣ አትጻፊውም አላለችኝ። ምሳ ስታቀርብ ብቻ፣ ሳታየኝ፣ ስሙን እንዳትቀይሪው አለች።

ሎሪውን ሰረዝኩ። ጺሙን ሰረዝኩ። ቄሱን፣ ድንጋዩን፣ የእማዬን ለቅሶ ሰረዝኩ። ግራሩ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ጥላ እንኳ ይኑረው።

ዛፍ ነበረ ወይ ብዬ ነገ እጠይቃታለሁ። ካልነበረ እሰርዘዋለሁ።