አረንጓዴው ክርና አረንጓዴው ቀለም

ይድረስ ለእታለም፣ በሩቅ ሆና ድምፅዋ ከጆሮዬ ላልጠፋው ታላቅ እህቴ።

እንደምን ከርመሻል? ትከሻሽስ እንዴት ሆነ፤ አሁንም ልብስ ስታሰጪ ይይዝሻል ወይስ ሐኪሙ እንዳለው ለቀቀሽ? አባባስ ዓይኑ? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወጣሁት። እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ? ያቺ ጥይት ልጅሽስ ቁመቷ የበሩን እጀታ አለፈ? እኔ ደህና ነኝ። ጤናዬን ማለቴ ነው። ሌላው ደህና አይደለም፤ አንቺ ደግሞ ከጽሕፈቴ ታውቂብኛለሽ። ስትናደድ ፊደልህ ወደ ቀኝ ይጋደማል ትይኝ ነበር። ይኸው ተጋድሟል።

የቴኒስ ራኬቴን ላክልኝ ብለሻል። አባባ ዓይኑ ጨርሶ ሳይከዳው አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ወጥሮ ለልጅሽ ሊሰጣት ይፈልጋል ብለሻል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ያዘገየኝ ስለ ራኬቱ የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው። እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ልናደድ።

የምሠራበትን ሱቅ ጽፌልሻለሁ፤ ከፊት ጫማና ኳስ ይሸጣል፣ ከኋላ መስኮት በሌላት ክፍል እኔና ባልደረባዬ ራኬት እንወጥራለን። ባልደረባዬን «ፈጣኑ» ነው የምንለው፤ አንዱን ራኬት በማሽኑ ላይ አስሮ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ያውም እያፏጨ። ያንቺ ራኬት ከእኔ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው፣ እንጨቱ እንዳይጣመም አባባ በሠራለት ባለ አራት ብሎን ማሰሪያ ውስጥ። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ጠዋት ስገባ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሰላምታ አይደለም። እንዲሁ፣ መኖሩን ለማረጋገጥ።

ባለፈው ወር የፋብሪካው ወኪል አዲስ ራኬት ይዞ መጣ። ስሙ ያንቺው ራኬት ስም ነው። ያው ስም፣ ያው አጻጻፍ፣ በአንገቱ ላይ ያው አረንጓዴ መስመር። ካርቶኑ ላይ «የታላቁ ራኬት ወራሽ» ይላል። ወራሽ! አንስቼ አንገቱን በጥፍሬ ፈተግኩት። ቀለም ነው። የእኛው ላይ እኮ አረንጓዴው ክር ነው፤ የክፈፉ እንጨት ዞሮ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ መጋጠሚያው እንዳይላቀቅ በኮላ ተነክሮ ሃያ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ ክር። ዙሩን በጣትሽ እየቆጠርሽ ነው መቁጠር ያስተማርሽኝ። ያ ክር ሥራ አለው፣ ያዝ የተባለውን ይዞ ኖሯል። ይኼኛው ምን ይይዛል? ወኪሉን ጠየቅኩት። «ለትዝታ ነው ጋሼ» አለኝ። የማን ትዝታ? የእኛው ራኬት ሲሠራ እሱ ገና አልተወለደም።

ከዚያ ባለሱቁ ቀና ብሎ ግድግዳዬን አየ። አሮጌው እኮ እዚሁ አለ፣ ለምን ሁለቱን በሰው ፊት አናወዳድርም አለ። ወኪሉ እጁን በእጁ አሻሸ። እኔም እሺ አልኩ። እዚህ ላይ ልዋሽሽ እችል ነበር፣ አስገደዱኝ ብዬ። አላስገደዱኝም። እሺ ያልኩት እንደሚያሸንፍ ስለመሰለኝ ነው። ከሱቁ ጎን ባለው ሜዳ የምታሠለጥነው አሰልጣኝ በመሀል ፊቱ ስትመታበት ያ ወፍራም ድምፅ ሲወጣ፣ ያ ወኪል ፊቱ ሲለወጥ ማየት ፈለግኩ። ይኼው ነው። እንደ ሕፃን።

ኳስ የሚመታበት የድሮው ክር ስለደረቀ እንደ አዲስ መወጠር ነበረበት። እዚህ ቤት እያንዳንዱ ራኬት እጀታው ላይ ትንሽ ካርድ ይታሰርበታል፣ ካርዱ ላይ ክሩ በስንት ኪሎ እንደሚወጠር ይጻፋል። አስሬበት ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። አባባ ላረጀ እንጨት ከአሥራ ስምንት አታሳልፍ ይል ነበር። እኔ ግን ኳሱ በደንብ እንዲታዘዝ ሃያ ባደርገውስ እያልኩ አመነታሁ። እያመነታሁ ደንበኛ መጣና ወደ ፊት ጠሩኝ። ካርዱ ባዶውን ቀረ። ስለ ጫማ ቁጥር ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስንከራከር ግማሽ ሰዓት ሄደ።

አባባ ቤት ባዶ ካርድ ምን ማለት እንደነበር ታውቂያለሽ። ባለቤቱን ጠይቅ ማለት ነው። መሣሪያውን አስቀምጦ ሰውየው ያለበት ሜዳ ድረስ ይሄድ ነበር። እስቲ ክንድዎን ያሳዩኝ ይላል፣ ጨብጦ ያያል፣ ያመዎታል እንዴ ይላል። እዚህ ግን ባዶ ካርድ የተለመደው ማለት ነው። የተለመደው ሃያ አምስት ነው። ፈጣኑ ካርዱን አየ፣ ባዶ ነው፤ ከማሰሪያው አወጣው፣ ማሽኑ ላይ አሰረው፣ ያንን እንደ ሽቦ የማይላላ አዲሱን ክር በሃያ አምስት ወጠረበት። እያፏጨ። ስመለስ አልቋል። ክሩን መታ ሲያደርገው እንደ ብርጭቆ ጮኸ። «አየኸው፣ ሽማግሌህን ጎረምሳ አደረግኩልህ» አለኝ። ሜዳው ላይ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነበር። እኔም... ሳላስፈታው ይዤው ወጣሁ። ምናልባት ይችለው ይሆናል ብዬ።

አሰልጣኟ በአዲሱ ጀመረች። ሃያ ኳስ መታች፤ ወኪሉ በመሣሪያው ፍጥነቱን እየለካ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ የእኛውን አነሳች። «ወይ ክብደቱ! ይኼን ይዘው ነው ሲሮጡ የነበሩት?» አለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ደነቃት እንጂ። አንድ መታች። ሁለት። በስድስተኛው ላይ ያ ድምፅ መጣ፣ አንዴ ብቻ፣ ወኪሉ ራሱ ከመሣሪያው ቀና አለ። በአሥራ አንደኛው ኳስ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት። ክፈፉ በግራ በኩል፣ ከአረንጓዴው ክር መጠምጠሚያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ተሰነጠቀ። ሰው ሳቀ። ወኪሉ «አይፈረድበትም፣ ጡረታ የወጣ ነው» አለ። አሰልጣኟ ብቻ አልሳቀችም። በሁለት እጇ ይዛ አመጣችልኝ፣ የታመመ ነገር እንደሚያመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት አዲሱን ይዤ ጓሮ ካለው ግድግዳ ጋር መታሁ። ልጠላው ነበር የወጣሁት። ግን ሐሰት አልጽፍልሽም፤ ጥሩ ነው። ቀላል ነው። ፊቱ ሰፊ ነው፣ ኳሱን በጠርዝ ብትመቺውም ይመልስልሻል፣ ይቅር ይልሻል። የእኛው ይቅር አይልም፤ ከመሀሉ ዝንፍ ካልሽ ክንድሽን ነው የሚገርፈው። ግድግዳውን እየመታሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ልገፋው ሞከርኩ፣ አልሄደም። ያኔ እንዲህ ያለ ራኬት ቢኖርሽ ትከሻሽ ዛሬ ልብስ ማስጣት ያቅተው ነበር? አላውቅም። ይቺን በተለይ ለአባባ እንዳታነቢለት።

ስለዚህ ንዴቴ አዲሱ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም። ጥሩ ከሆነ በራሱ ስም ጥሩ ይሁን! የሌላውን ስም ለምን ይለብሳል? የሌላውን ክር በቀለም ለምን ይቀባል? ያንቺ ራኬት ያስተማረሽን ነገር፣ እግርሽን ቀድመሽ ማድረስ፣ ኳሱን እስከ መጨረሻው ማየት፣ ይኼኛው አያስተምርም፤ ላያስፈልገውም ይችላል። እንግዲያው የምኑ ወራሽ ነው? አባቱን በሰው ፊት አስሰብሮ የሚወርስ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ያው ቀን ባለሱቁ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አዘጋጀ። «አሮጌው በአሥራ አንደኛው ኳስ ተሰበረ፣ ወራሹ ሃያውንም ጨረሰ» ይላል። ከታች የእኔ ፊርማ ይፈለጋል፣ እንጨት የሚያውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ። እስክሪብቶ ሰጠኝ። ደሜ ፈላ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እንጨቱ የሚችለው አሥራ ስምንት ኪሎ ነው፣ የተወጠረው በሃያ አምስት ነው። ከዚያ ፈረምኩ። ባለሱቁ አነበበና «አንተ ሰውዬ፣ ለእንጨት ጠበቃ ቆምክ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ፈጣኑ ከኋላ ሆኖ፣ ካርዱ እኮ ባዶ ነበር አለ። አልጮኸም። እንዲያውም ቀስ ብሎ ነው ያለው።

እውነቱን ነው፣ እታለም። አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባዶ ካርድ እዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በወኪሉ ስናደድ፣ በባለሱቁ ስናደድ፣ በቀለሙ ስናደድ ነው የከረምኩት፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም፣ አይበርድምም። ግን ከሁሉም ሥር ያቺ ካርድ አለች። እስክሪብቶውን መልሼ ተቀበልኩና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ካርዱን ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ። ባለሱቁ ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መስታወቱ ላይ ምንም አልተለጠፈም። እስካሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ራኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ያንን በሃያ አምስት የተወጠረውን ክር የዚያኑ ቀን ቆርጬ ጣልኩት። ስንጥቁን በኮላ ሞልቼ ማሰሪያው ውስጥ አስገብቼ አራቱንም ብሎኖች አጥብቄያለሁ፤ አሥር ቀን ሳይፈታ ይቆይ። አረንጓዴው ክር ሃያ ሁለቱም ዙር ደህና ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ከዚህ ወዲያ አሥራ ስምንት አይችልም። አሥራ አራት ይችል እንደሆነ አላውቅም። ጨርሶ መወጠር የሌለበት ሊሆንም ይችላል። የሚያውቀው የአባባ ጣት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዓይን አያስፈልገውም፤ ስንጥቁን ይዳብሰው። ብትቆጪኝ ይገባኛል። ቁጣሽን ግን ጻፊልኝ፣ ዝም አትበይኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሣጥኑን ሲከፍት ብሎኑን እንዳይነካ ንገሪው፤ እጁ አያርፍም። ጥይቷን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ስንጥቁ በእሷ ጥፋት እንዳልመጣ ንገሪያት፣ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ለአባባ ደግሞ ምንም አትንገሪው። ራኬቱን ብቻ ስጪው። እጀታው ላይ ካርድ አስሬበታለሁ፣ ባዶ ነው። እሱ አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ክንድሽን አሳዪኝ ይልሻል። አሳዪው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቁ ጀርባ፣ መስኮት ከሌላት ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን