ሳህኑ የጠፋበት ውሃ

ውድ ልጄ፣

የመንደሩ ዘበኛ የመጣ ዕለት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ። «ምን ሆነ?» ስለው «እባክዎ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለ። አልተቀመጥኩም። ከቦት ጫማህ አንዱን ብቻ ይዞ ነበር።

ጎርፉ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት አፈሩን የሚያስቀርልን ያ ጉድጓድ በደለል መሙላቱን ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሰዎች ስንቴ ነገርካቸው! «ዝናቡ ይለፍና እናስጠርጋለን» አሉህ። ከላዩ ሣር በቀለበትና መሬት መሰለ። የተዘጋውን መውጫ ልትከፍት ስትሄድ፣ ዳሩ የት እንደሚያበቃ አንተ እንኳ መለየት አቃተህ። ዋጠህ።

ነጩን ሳህኔን ከኩሽና ወስደህ ገመድ ያሰርክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ውሃው ውስጥ እያወረድክ የት ላይ ከዓይን እንደሚጠፋ ታይ ነበር። «ሐይቁን ምሳ ልታበላው ነው?» ስልህ፣ «በልቶ ጠግቧል እማዬ፣ ችግሩ እሱ ነው» አልከኝ። ከየግቢው ሣር የሚታጠበው ማዳበሪያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ አልጌ እንደሚቀልበው፣ ያ ሲበሰብስ ደግሞ ዓሣው አየር እንደሚያጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ዳር ዳሩን ደንገል የተከልከውም ጎርፉን እንዲያጣራ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን «እይታችንን ጋረደብን» ብለው አኮረፉህ። «ጭቃው መጣ» እያሉ ይሳሳቁብህ ነበር።

አሁን ሁሉም ይወዱሃል። ትናንት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሁለት ሴቶች አስከትሎ መጣ።

«እናታችን፣ መታሰቢያ ልናሠራለት ነው። ደንገሉን ነቅለን፣ ጉድጓዱን አፈር አልብሰን፣ ለምለም ሣር እንተክላለን። ስሙ የተጻፈበት አግዳሚ ወንበርም ይኖራል።»

«ጎርፉስ አፈሩን የት ይጥላል?»

«አይዞዎት፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርዎት» አለችኝ አንደኛዋ፣ እጄን ይዛ።

«አዎ፣ ሐዘኑ ነው። ልጄ የተከለውን ነቅላችሁ በልጄ ስም ማዳበሪያ አትበትኑ። ጉድጓዱን አስጠርጉት፣ እጠሩት።»

ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ «ሠራተኞቹ ነገ ይመጣሉ» አለ።

ዛሬ በማለዳ ሳህኑን ይዤ ወረድኩ። ውሃው ገና የእጄን አንጓ ሳይነካ ሳህኑ ጠፋ። ውሃው ወፍሯል፤ ይሸታል። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ዳር ላይ ተንሳፍፈዋል። ከላይኛው መንደር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ይህን የምጽፍልህ ደንገልህ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። የሠራተኞቹ መኪና ከኋላዬ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ «እማማ፣ በሞቴ ይነሡ» ይለኛል። ያን ዕለት ይቀመጡ ሲለኝ አልተቀመጥኩለትም። ዛሬም ይነሡ ቢለኝ አልነሣለትም።

ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፣ ልጄ። ላቁም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ለልጄ ነፍስ ጸልዩለት። ስትጨርሱ ደግሞ ልጆቻችሁን ጉድጓዱን ከሸፈነው ከዚያ ለምለም ሣር ላይ ጥሩልኝ።

እናትህ