ብርጭቆህን ለይተን ምላጩን ረሳነው

የኔ ታዴ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤታችንን አልለቀቅኩም፤ የፊቱን ክፍል አከራይቼ እኔ ወደ ጓሮው ገብቻለሁ። ከባቱ ሽንኩርት ማምጣቱንም አልተውኩም። ዛሬ ግን መደብሩን ዘግቼ እዚሁ አዳማ ክሊኒክ ዋልኩ። ምክንያቱን ከኔው ስማ።

ጉበትህ ታሞ ስትተኛ እህትህ በሽታው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ብላ ብርጭቆህንና ሳህንህን ለየች። እኔም ለብቻ አጠብኳቸው። «ኧረ ገና አልሞትኩም!» ብለህ ስትስቅ አብሮህ የሳቀ አልነበረም። በዚያው ቤት ግን አንተና ወንድምህ ግርማ በዓል በመጣ ቁጥር በአንድ ምላጭ ትላጩ ነበር። እሱን ማንም ነገሬ አላለውም።

ሰሞኑን የክሊኒኩ ሐኪም ጉበትህን የጎዳው ቫይረስ በደም እንጂ በመብል ዕቃ አይተላለፍም ሲለን የቡልቡላ ከተማ ትዝ አለችኝ። አንተ ማዳበሪያ ስትጭን ወገብህ ተይዞ፣ እኔም ራሴን አሞኝ፣ ሁለታችንም ዋግምት የታገምንበት ቀን። አጋሚው ያንተን ጀርባ በጥቶ ምላጩን በጨርቅ ጠረግ አደረገና ወደኔ ዞረ። እኔ የተከራከርኩት በዋጋው ብቻ ነበር።

ታውቀኛለህ፤ ሽንኩርት ስገዛ የማዳበሪያውን አፍ አይቼ አላምንም፣ አስዘርግፌ ታቹን አያለሁ። የራሴን ገላ ግን ሳላስዘረግፍ ከረምኩ። ምንም አያመኝማ! አንተንም አያምህም ነበር፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኖ ሆድህ እስኪነፋ ድረስ።

ዛሬ ግርማንም እየጎተትኩ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩት። «በሬ የሚያህል ሰው ምኑ ይመረመራል?» እያለ ሲቀልድ መጥቶ ጣቱ ሲወጋ ላብ አጠመቀው። እሱ ነፃ ነው። የኔ ደም ላይ ግን የቫይረሱ ምልክት ታየ። ነርሷ ይህ ምርመራ ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንዳገኘኝ እንጂ አሁን መኖሩን አይናገርም ብላ ሌላ ደም ወሰደች። ካለም የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ጉበት ሳያልቅ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ይድናል። ላንተ ዘግይተን ደረስን።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አልፈራሁም ብልህ አታምነኝም።

በዝክርህ ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ጠበል ጠዲቁ ከመቀመሱ በፊት የቡልቡላውን ምላጭ እነግራቸዋለሁ። የታገመ፣ ምላጭ የተዋሰ፣ ሰው በተወጋበት መርፌ የተወጋ ሁሉ ሳያመው ይመርመር። እኔ አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ያንን የበዓል ምላጭ ዛሬ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመርኩት። ብርጭቆህን አጥቤ ከሌሎቹ ጋር መለስኩት፤ አሁን ውሃ የምጠጣው በሱ ነው።

ያንተው አስቴር