ምሰሶ ታቅፈህ የቆምክባቸው ጠዋቶች

ውድ ጋሼ፣

«አትሳቁበት፣ ግማሽ ብስክሌቱን ተሰርቆ ነው!» ይላሉ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንዲት እናት። ፊልምህ ላይ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔም አምኛቸው አዘንኩልህ። ቢሆንም ሌባው ይሉኝታ አያጣም፤ ኮርቻውንና አንዱን ጎማ ትቶልሃል።

ፊልሙ እንዴት እጅሽ ገባ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አለቃዬን «ከእህቴ በቀር ማንም ቆርጦ ያቀናብረው» ብለኸው ነበር አሉ። ስንፍናውን ታውቀው የለ? «ወንድምሽ እንዳትነኪው ብሏል» አለኝ፣ «ስለዚህ ሳይሰማ ቶሎ ጨርሺው።»

ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለት እግሬ ስመላለስ ይህችን ከተማ አላየኋትም ለካ። ባንድ ጎማ ብስክሌትህ ስትነዳ ደረትህ ላይ ካሰርከው ካሜራ ሲታይ የባንኩ ደረጃ ገደል ነው። የክሊኒኩ የዊልቸር መውጫ የቤተ መንግሥት መግቢያ ይመስላል። የቦይ መክደኛ ብረት በመጣ ቁጥር ትንፋሽህን ትይዛለህ፤ እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ አብሬህ እይዛለሁ። ሰው መንገድ ሲለቅልህ ፊቱ ይፈታል። ያ ኮስታራ የፖስታ ቤት ዘበኛ እንኳ «እንዳትወድቅብኝ፣ ሪፖርት መጻፍ አልወድም!» ብሎ ሲጮህብህ ሳቀ። ለካ ጥርስ አለው።

እኔ ግን ይህንኑ ነበር «ሰርከስህን ይዘህ ውጣልን፣ አዋረድከን» ያልኩህ። ስምንት ወር ሆነው። ለእማዬ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። እሷም «ወድቆ ይሆናል እንጂ አይረሳኝም» ትለኛለች።

ሥራዬ ጅራት መቁረጥ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቀረጻው አልቆ ካሜራው ሳይጠፋ የሚተርፈውን። ያንተ ጅራት ግን ረዥም ነው። ባንድ ጎማ ላይ ያለ ሰው ሳይወርድ ለመቆም የሆነ ነገር መያዝ አለበት። አንተም ምሰሶ በሁለት እጅህ ታቅፈህ፣ ማጥፊያውን የሚጫን ሦስተኛ እጅ አጣህ። ካሜራው ሁሉንም ቀረጸው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እደጃችን ያለው የመብራት ምሰሶ፣ ፎቅ ላይ ያለው የእማዬ መስኮት። መብራቱ ቦግ ሲል ድምፅህ ይሰማል፦ «ተነሳች። ደህና ናት።» ከዚያ ምሰሶውን ለቀህ ትሄዳለህ። በማግስቱም እንደዚያው። ወሩን ሙሉ እንደዚያው።

አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«አቧራ ገብቶብኝ።»

«የምን አቧራ? ዝናብ እኮ ነው!»

አንዱንም ጠዋት አልቆረጥኩትም። ፊልምህ ቢረዝም ይርዘም።

ይቅር በለኝ፣ ጋሼ። ቅዳሜ ና። እማዬን አጠገባችን አስቀምጠን ፊልሙን እናሳያታለን። ምሰሶውን ተወውና በቀጥታ ወደ በሩ ንዳ፤ ክፍት አደርገዋለሁ። እስክትወርድ ድረስ እኔ እይዝሃለሁ።

ባንድ ጎማም ብትመጣ በእግርህም የምትወድህ፣
ታናሽህ

ሳልረሳው፦ እማዬ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ብሏት ምድር ቤት፣ ጓሮ በኩል ወዳለው ክፍል ከወረደች ሰባት ወር አልፏታል። ጠዋት ጠዋት የምታየው መብራት የኔ ነው።