ከመጽሐፉ ውጭ ስለሆነችው ትምህርት

ለተከበሩ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሱፐርቫይዘር፣

ጤናዎ እንደ ፋይልዎ የተሟላ፣ ውሎዎም እንደ ፊርማዎ ያማረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሠራተኞች ክፍል እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ፣ ከወንበሬ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ እየተመለስኩ ይህን ጽፌልዎታለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር ክፍሌ ገብተው፣ ሰሌዳው ላይ «ሰው ስለ ራሱ እንዴት ይናገራል? እኛ ዘንድና ሌሎች ዘንድ» የሚለውን አርእስት አንብበው፣ «ይሄ ወሬ ነው፤ ወደ ግሱ ይመለሱ» በማለት በገዛ እጅዎ ስላጠፉልኝ አመሰግናለሁ። የጠመኔው ብናኝ ኮትዎን ስላቆሸሸብዎ ግን ይቅርታ።

ሁለተኛ፦ ፊት ወንበር ላይ የነበረችው የላቦራቶሪ ባለሙያ አሥራ አንድ ዓመት ደም ስትመረምር የኖረች፣ ሐኪሞች ውጤት ሲያጠራጥራቸው «እስቲ እሷ ትየው» የሚሏት ሴት ናት። ከሳምንት በኋላ የውጭ ዜጎች በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። «በሥራሽ ጎበዝ ነሽ?» አሏት። እሷም እንዳሳደጓት አንገቷን ደፍታ፣ አንዲት የሰዋስው ስሕተት በሌለው እንግሊዝኛ፣ «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አለች።

እነሱም አመኗት።

ቦታውን ያገኘችው ራሷ ያሠለጠነቻት ባልደረባዋ ናት። ግሱ ግን ትክክል ስለነበር እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ፦ ይህን ስትነግረኝ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። «ቲቸር፣ ታዲያ ራሴን ላሞግስ ኖሯል? አያሳፍርም?» አለችኝ። «እነሱ የጠየቁሽ ስለ ሥራሽ እንጂ ስለ ጨዋነትሽ አይደለም፤ የሠራሽውን ንገሪያቸው» አልኳት። መልሱ ልክ ነበር፤ ግን ዘገየ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ትምህርቷ ክፍል ውስጥ ስለተከለከለች፣ በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆመን እንማራታለን። እኛ ትሕትና የምንለውን ሌላው አለማወቅ ብሎ እንደሚሰማው፣ እኛም ጉራ የምንለው ለሌላው ተራ መልስ ሊሆን እንደሚችል እንነጋገራለን። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ትናንት ሌላ ሆስፒታል ቀርባ፣ ላብ እያጠመቃት፣ «ይህን ሥራ በደንብ አውቀዋለሁ» ብላ ወጥታለች። ውጤቱ ገና ነው፤ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ።

ለሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጭምር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በቆምኩበት ፈርሜያለሁ፤
ትጉህ አስተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ከሰኞ ጀምሮ ልጅዎ ኮሪደሩ ላይ አብራን ትማራለች። አባቷ ያውቁ እንደሆን ብጠይቃት፣ «አባቴ ነው እኮ የላከኝ፤ በሚመጣው ወር ቃለ መጠይቅ አለብኝ» አለችኝ።