ጥልቅ ብዬ ያልከኝ ቀን

መርካቶ፣ ሰባተኛ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱሀይር አባት፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ አይነፈግም ብዬ ነው እንጂ ከዚህ በላይ የማሞካሽበት አንጀት የለኝም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ጻፍኩት፤ የጎረቤታችን ልጅ ፈርሀት ሐሙስ ዱባይ ስለሚገባ በእጁ ይሰጥሃል።

ያን ቀን ሱሀይርን ሊጠይቁ የመጡት የፉርቃን ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀምጠው፣ አንተም እንድትሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን፣ እኔ አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት፤ «ልጁ ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?» አንተ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «እሷን ተዉአት፣ ጥልቅ ብዬ ናት። ልጄን ሰጥቻለሁ» አልክ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሱሀይርም ከጓዳ ሆና ሰማች።

ጥልቅ ብዬ ማለት ምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? ሁለት ሰው ጨርቅ ሲደራደር፣ ሳይገዛ ሳይሸጥ፣ መሃል ገብቶ «በስንት ጨረሳችሁ?» የሚለው ነው። የጎረቤት ድስት ከፍታ የምታየዋ ናት። የገዛ ልጇን ለማን እንደምትሰጥ የጠየቀች እናት በየትኛው አገር ነው ጥልቅ ብዬ የምትባለው? አንተ ራስህ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሳትዘረጋ፣ ሳትዳስስ ገዝተህ አታውቅም።

ስሙን ካወጣህልኝ አይቀር ሠራሁበት። ጎጃም በረንዳ ሄጄ የፉርቃን መጋዘን አጠገብ ያሉትን ጠየቅኩ፤ ቤቱን አሳዩኝ። በሩን የከፈተችልኝ ነፍሰ ጡር ናት። «ፉርቃን ሥራ ነው፣ እኔ ባለቤቱ ነኝ፣ ይግቡ» አለችኝ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ስል አይታ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳትጠይቅ ውሃ ሰጠችኝ። ሁለተኛ ማግባቱ አይደለም ያናደደኝ፤ መደበቁ ነው። ሽማግሌዎቹን መልሻቸዋለሁ። ኒካህ የሚባል ነገር የለም፤ ብትፈልግ ተቆጣ።

ፉርቃን በማግስቱ ሱቅ ድረስ መጥቶ «የባልዎን ሳያውቁ ነው የእኔን የሚያጣሩት?» ብሎኝ ሄደ። ዱባይ ሲመጣ አንተ ጋ ነው የሚያርፈው፤ ቤትህ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ስለ እሱ ምንም ሳትጠይቅ ልጄን ለምን እንደሰጠኸው ያኔ ገባኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልክ ቁጥር ከኋላህ «ባባ» የሚል የሕፃን ድምፅ እሰማለሁ። አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ጥልቅ ብዬ ብሆን ኖሮ እጠይቅህ ነበር።

አላህ ጤና ይስጥህ። ለዚያም ሕፃን ዕድሜ ይስጠው።

የሱሀይር እናት፣
ሪሃና