ስሙን ለጊዜው ተዪው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እምዬ? ልብሽ እንዴት ነው? ጠበሉ አበረደልሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ይቀሰቅስሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ በጭሱ ከመቅላቱ በቀር። ባለፈው ደብዳቤያችን ግርጌ ሰውአገኝ የሣለልሽን ጠማማ መስቀል ጧት ጧት እንደምትስሚው መሪጌታ ኪዳነወልድ ነግረውኛል። ይህንንም የሚያደርሱልሽ እሳቸው ናቸው። ስልክ የማይገባበት ቦታ ሱባኤ ገባሽ ብዬ ስነጫነጭ ነበር፤ አሁን ግን እንኳንም አልያዝሽ።

ጎንደር ጭስ ለብሳለች። የወገራ ደጋ መቃጠል ከጀመረ ወዲህ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ይዞብን ይወርዳል። ደጃችን ላይ ቆሜ የቁስቋምን ግንብ ማየት አልችልም። ፀሐይዋ ፍም መስላ ትወጣለች፣ ፍም መስላ ትጠልቃለች። ያሰጣሁት ነጠላ ጥቀርሻ ጠብ ጠብ ብሎበት ይጠብቀኛል። ጎረቤታችን ዓይናዲስ፣ ጭላዳዎቹ ገደላቸውን ጥለው ሰው እርሻ ላይ ተኝተዋል፣ ሲያባርሯቸውም አይሸሹም አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ፍርሃት አልለቀቀኝም።

ሥራዬን መጠየቅሽ አይቀርም። ቀጣሪ የለኝም፤ ያዘዘኝ ሁሉ አለቃዬ ነው። ሁዳዴ ስለገባ የሠርግ ግጥም የሚያዝ የለም። የሬዲዮ ድራማዬን አዘጋጁ ሳቅ ጨምሪበት ብሎ መልሶልኛል። በዚህ ጭስ ውስጥ ሳቁን ከየት እንደማመጣው አልነገረኝም። የማይቋረጠው አንቺ ሟርት ነው እያልሽ የምትጠዪው ሥራዬ ነው፤ ለሟች የሚነበበው የሕይወት ታሪክ።

አሁን ስለ ልጅሽ ስለ ሰውአገኝ ልንገርሽ። እሳቱን ሊያጠፋ ሄዷል። አንቺ ሱባኤ ከገባሽ በኋላ ነው፤ ፈቃደኛ ወጣቶች ከአራዳ በአይሱዙ ሲጫኑ አብሮ ተጫነ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማኝም። በምን ልታጠፉት ነው ብለው በቅጠልና በአካፋ አለኝ እየሳቀ። ለእምዬ አትንገሪያት፣ ተመልሼ ራሴ እነግራታለሁ አለ። በመቀነትሽ እያሰርሽ ቀኝ ልታስለምጂው ያልሆነልሽን ያንን ግራ እጁን እያወዛወዘ ሄደ።

መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር። ቀጥሎ ኔትወርክ የለም ተባልሁ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ለእኔ ደግ ሆነ። ዓይናዲስ ሳልጠይቃት ውሃ ቀድታ አመጣችልኝ፤ የተኳረፍሁት ባለሱቅ እንኳ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም አለኝ። ምን ሆናችኋል ስላቸው ዓይናቸውን ያሸሻሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን የሚባል የፈቃደኞቹ አስተባባሪ መጣ። አያውቀኝም፤ ጸሐፊ ናት ብለው አራዳ ላይ ጠቁመውት ነው። ከእሳቱ ላልተመለሰ ልጅ፣ በመታሰቢያው ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ፈለገ። ማን ልበል ስለው፣ ቤተሰቡ ገና አልተረዳምና ስሙን ለጊዜው ተዪው፣ ቦታውን ክፍት አድርጊው አለኝ። እንደ ልማዴ ክፍት አድርጌ ጠባዩን ጠየቅሁት። ሳቂታ ነበር አለኝ። ነፋሱ ድንገት ሲዞርባቸው ጓደኞቹን አስቀድሞ ራሱ ኋላ የቀረ ነው አለኝ። ግራኝ ነበር አለኝ። ሌላም አለኝ፤ እሱ ይቅር። ወረቀቱ ላይ አጎንብሼ ብቆይበት፣ ምነው አመመሽ እንዴ አለኝ። ጭሱ ነው አልሁት። ማን እንደሆንሁ አልነገርሁትም። ጽሑፉን ግን ጨረስሁለት፤ በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ሸጋ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ለእናቱ መጽናናትን ይስጥልን የሚለው ላይ ብቻ እጄ እምቢ አለኝና ሙሉቀን ራሱ ጻፈው።

እምዬ፣ ክፉ ነገር በወረቀት አይነገርም፤ ዘመድ ባለበት፣ በማለዳ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምንም አልነገርሁሽም። መሪጌታንም አትጠይቂያቸው፣ አይመልሱልሽም።

ዓርብ ማታ ግን እህል በደንብ ቅመሺ፤ በሞቴ፣ አደራ። መድኃኒትሽንም እንዳትዘዪ። እማሆይ ለተ ማርያም አብረውሽ ይደሩ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወንድምሽ አያ ማሩ ይመጣሉ፤ ብቻቸውን አይደሉም፣ እኔም አለሁ። በሩን ክፈቺልን። ለልብስ አታስቢ፣ የሚያስፈልግሽን እኔ ይዤልሽ እመጣለሁ።

መድኃኔዓለም ልብሽን ያጽናልኝ። ጸሎትሽ አይለየኝ።

ከግርጌ ያለው ፍቅፋቂ የኔ ነው። መስቀሏን እኔ ልሣልልሽ ብዬ ነበር፤ ብሞክር ብሞክር ቀጥ ብላ እየወጣች አስቸገረችኝና ፋቅኋት።

ልጅሽ